የሒሳቡ ክፍልና የሦስት ቀኑ እገዳ፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች፤ የስቴቱ ፈተና ውጤቷም ጥሩ ነው። አስተማሪዋ ግን ‹ገና አልደረሰችም› ብላ ለስድስተኛ ክፍል የላቀ ሒሳብ ሳትመርጣት ቀረች። ታላቅ ወንድሟ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ‹አልታዘዝም ብሏል› ተብሎ ሦስት ቀን ሰስፔንድ ተደርጎ ቤት ዋለ። ባለቤቴ ‹ይሄ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፤ ከከተማው ወጥተን ሰበርብ እንግባና እንገላገል› ይላል። እውነት ልጆቼ በቀለማቸው እየተበደሉ ነው ወይስ እኔ ነኝ ሰበብ የምፈልገው? ምንስ ማድረግ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰበብ እየፈለጉ አይደለም። ከላኩልኝ ጥቂት መስመሮች ተነሥቼ በመምህራኑ ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ ልነግርዎ አልችልም፤ እርስዎም ይህን ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ልነግርዎ የምችለው ልጆችዎን የገጠሟቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ለላቀ ትምህርት መመረጥና መቀጣት፣ በአሜሪካ የከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጥቁር ልጆች ከሌሎች ተለይተው በብዛት የሚጎዱባቸው ቦታዎች መሆናቸውን ነው።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁለቱም የተወሰኑት በአንድ ሰው ግምት ነው። «ገና አልደረሰችም» በፈተና ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር አይደለም። «አልታዘዝም ብሏል» የሚለውም መስኮት እንደ መስበር ወይም ሰው እንደ መምታት ማንም አይቶ የሚመሰክርበት ጥፋት አይደለም። ለዓመታት በዚህ ሙያ ስሠራ ያየሁትም፣ ጥናቶቹ የሚያሳዩትም ይኸው ነው፦ መስፈርቱ ባልተጻፈበትና ውሳኔው ለአንድ ሰው ዓይን በተተወበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቁር ልጅ ይወድቃል። ስለዚህ «መምህሯ ዘረኛ ናት ወይ?» በሚለው አይድከሙ። «የሚወስነው ማነው? በምን መስፈርት? መስፈርቱስ የት ተጽፏል?» ብለው ይጠይቁ።

ከሴት ልጅዎ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2016 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው አሜሪካ የተሰበሰበ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መረጃ ይዘው፣ በሒሳብና በንባብ እኩል ውጤት ያላቸው ጥቁርና ነጭ ልጆች ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ለተባሉ ልጆች ወደተዘጋጀው «ጊፍትድ» ወደሚባለው ፕሮግራም የመግባት ዕድላቸው እኩል መሆኑን መረመሩ። እኩል አልነበረም፤ የጥቁሩ ልጅ ዕድል የነጩን ግማሽ ያህል ነበር። ልብ ይበሉ፣ ውጤታቸው እኩል ነው። ክፍተቱ በተለይ በንባብ ጎልቶ የታየው ደግሞ አስተማሪያቸው ጥቁር ባልሆነባቸው ክፍሎች ነው።

የፍሎሪዳው ብራዋርድ ካውንቲ ታሪክ ከዚህም በላይ ያስተምራል። ከአገሪቱ ትላልቅ ድስትሪክቶች (የአካባቢ ትምህርት ቤቶች አስተዳደሮች) አንዱ ነው። ቀድሞ ልጆች ለጊፍትድ ፕሮግራም የሚፈተኑት መምህር ወይም ወላጅ ሲጠቁማቸው ብቻ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ድስትሪክቱ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ፣ ማንም ይጠቁም አይጠቁም፣ አጭር መለያ ፈተና ሰጣቸው። የተመረጡ ጥቁር ልጆች ቁጥር በ80 በመቶ ጨመረ፤ የሂስፓኒክ ልጆች ደግሞ በ130 በመቶ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ብልህ አልሆኑም። ትምህርት የሚገባቸው ልጆች መሆናቸውን አይቶ ስማቸውን የሚያነሣላቸው ሰው ጠፍቶ ነበር እንጂ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በበጀት እጥረት ፈተናው ለሁሉም መሰጠቱ ሲቆም ክፍተቱ ተመልሶ መጣ። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ያ መመለሱ ነው፤ የትኛው አሠራር እንደሚሠራ ታውቆ፣ በተግባር ታይቶ፣ እንደገና ተተወ።

አንዳንድ ስቴቶች ግን ከዚህ ተምረዋል። በዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል አጠገብ ያለው የፌደራል ዌይ ድስትሪክት ከ2010 ጀምሮ የስቴቱን ፈተና ያለፈ ተማሪ ሁሉ ማንንም ሳይለምን ወደ ከፍተኛው ክፍል እንዲመደብ አደረገ፤ የማይፈልግ ወላጅ ነው «ልጄ ይውጣ» ብሎ የሚጠይቀው። የስቴቱ ምክር ቤት በ2019 ይህን ለሁሉም ድስትሪክቶች ሕግ አደረገው፤ ከ2021–22 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ይሠራበታል። ቴክሳስም በ2023 ባወጣችው ሕግ በአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ከላይኛው 40 በመቶ ውስጥ የገባ ልጅ በቀጥታ ወደ ስድስተኛ ክፍል የላቀ ሒሳብ እንዲመደብ አዝዛለች። የእርስዎ ልጅ ዳላስ ወይም ሂውስተን ብትሆን ውጤቷ ከዚያ መጠን ከደረሰ የአስተማሪዋ «ገና ነው» አያስቀራትም ነበር ማለት ነው። ያሉበትን ስቴት ስላልጻፉልኝ በመጀመሪያ የሚያጣሩት ይህንን ይሁን፦ እዚያ እንዲህ ያለ ሕግ አለ ወይ?

የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? ስድስተኛ ላይ ላቅ ያለውን የወሰደች ልጅ ስምንተኛ ላይ አልጀብራ ትደርሳለች፤ ስምንተኛ ላይ አልጀብራ የጨረሰች በአሥራ ሁለተኛ ካልኩለስ ትደርሳለች፤ ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስገቡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ያንን ይፈልጋሉ። አሁን የተዘለለች ልጅ ኋላ ልድረስ ብትል በበጋ ኮርስ ወይም ሁለት ሒሳብ በአንድ ዓመት ደርባ ነው። ቦብ ሞሰስ ይህን ከሌሎች ቀድሞ አይቶታል። በ1960ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለመራጭነት ለማስመዝገብ ሕይወቱን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ነበር፤ በ1982 ደግሞ «አልጀብራ ፕሮጀክት» የተባለውን ሥራ የጀመረው አልጀብራን ለጥቁር ልጆች መክፈት የመምረጥን መብት ያህል የዜግነት ጉዳይ ነው ብሎ ስላመነ ነው።

እንግዲህ እርስዎ ለርዕሰ መምህሩ ኢሜይል ይጻፉ፤ ለካውንስለሩም (ለተማሪዎች አማካሪው) ግልባጭ ያድርጉ። በስልክ ወይም በኮሪደር ላይ የተነገረዎትን ይዘው አይቅሩ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ለላቀ ሒሳብ መግቢያ የተጻፈው መስፈርት ይላክልኝ፤ የልጄ የስቴት ፈተናና የትምህርት ቤቱ የዓመት ውስጥ ፈተናዎች ውጤት ይላክልኝ፤ ውሳኔውን የሰጠው ማን እንደሆነና ይግባኝ የሚባልበት ቀን ይገለጽልኝ፤ ተጨማሪ ፈተና ካለ ትፈተን። «መስፈርት የለንም፣ በመምህር አስተያየት ነው» ካሉም ያንኑ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ለድስትሪክቱ ይግባኝ ሲሉ ዋናው ማስረጃዎ እሱ ይሆናል። ከብዙ ትምህርት ቤቶች እንደማውቀው፣ በአግባቡ የተጻፈና ውጤት የተያያዘበት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ገና ይግባኝ ሳይደርስ ይፈታል። ሌሎች ወላጆች ይህን ደብዳቤ ያለ ምንም ማመንታት ይጽፋሉ። የኛ ወላጆች ግን አስተማሪን እንደ የኔታ አክብረን ስላደግን መጠየቁ ድፍረት ይመስለናል። እዚህ አገር ግን ዝም ያለ ወላጅ ረክቷል ተብሎ ነው የሚታለፈው።

ወደ ወንድ ልጅዎ ልሂድ፤ የእሱ ጉዳይ ይበልጥ ያስጨንቀኛል።

የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ያወጣው ሪፖርት በ2013–14 የትምህርት ዘመን ከአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች 15.5 በመቶው ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ከታገዱት ውስጥ ግን 39 በመቶው እነሱ እንደነበሩ ያሳያል። በዚያው ዓመት በቅድመ መደበኛ፣ የአራት ዓመት ሕፃናት ባሉበት ደረጃ፣ ጥቁር ልጆች 19 በመቶ ሆነው ከታገዱት 47 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ ምን አጥፍቶ ይታገዳል? ሪፖርቱ የተለያዩ የትምህርት ቤት ዓይነቶችን አነጻጽሯል፤ ልዩነቱ ድሃ ትምህርት ቤት ውስጥም ሀብታም ትምህርት ቤት ውስጥም አለ። ባለቤትዎ ስለ ሰበርብ ሲያነሡ ይህችን ያስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2015 አሳይተዋል። ለመምህራን አንድ ዓይነት የጥፋት መዝገብ እየሰጡ፣ ግማሾቹ ላይ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ ስም፣ ግማሾቹ ላይ በነጮች ዘንድ የተለመደ ስም ጻፉበት። በመጀመሪያው ጥፋት ላይ የመምህራኑ ስሜት ብዙም አልተለያየም። በሁለተኛው ላይ ግን የጥቁሩ ልጅ ጥፋት ይበልጥ አሳሰባቸው፤ ቅጣቱም እንዲከብድ ፈለጉ፤ «ይሄ ልጅ ጠባዩ ነው» ወደማለት ሄዱ። ልጅዎ አሁን አንድ ጥፋት መዝገቡ ላይ ሰፍሮበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር መዝገቡን ማየት ነው። በ1974 የወጣው የተማሪ መዛግብት ሕግ ወላጅ የልጁን ፋይል የማየት መብት ይሰጠዋል፤ ትምህርት ቤቱ ከጠየቁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። ስህተት ካገኙ እንዲታረም ይጠይቁ፤ ካላረሙት የእርስዎን ማብራሪያ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያይዙት የማድረግ መብት አለዎት። ልጁን ተቀምጠው ያናግሩት፤ ምን ተባለ፣ ማን ነበረ፣ እሱስ ምን አለ? በራሱ ቃል ይጻፈውና ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።

ሲታገድስ በሥርዓቱ ነበር ወይ? በ1971 በኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ በተነሣ ረብሻ በርካታ ተማሪዎች ምንም ሳይጠየቁ ከትምህርት ቤት ታገዱ። ድዋይት ሎፔዝ የተባለው ተማሪ «እኔ ረብሻው ውስጥ አልነበርኩም» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1975 ተማሪዎቹ ረቱ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን ለአጭር ጊዜ እንኳ ከማገዱ በፊት የተከሰሰበትን ነገር ሊነግረው፣ ካልተቀበለ ማስረጃውን ሊያስረዳው፣ የራሱንም ቃል ሊሰማው ግዴታ አለበት፤ አደጋ ሲያሰጋ ብቻ መስማቱ ከእገዳው ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ልጅዎን «ያንተንስ ወገን ሰምተውሃል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ «አልሰሙኝም» ከሆነ ደብዳቤው ላይ በመጀመሪያ የሚሰፍረው እሱ ነው።

«አልታዘዝም ብሏል» የሚለው ክስ ራሱ በብዙ ቦታ እየተነቀፈ ነው። ሎስ አንጀለስ በ2013 በዚህ ምክንያት ማገድን አቆመች። ካሊፎርኒያ ክልከላውን ከትንንሾቹ ክፍሎች ጀምራ ደረጃ በደረጃ እያሰፋች፣ ከሐምሌ 2024 ወዲህ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሳዋለች። ዋሽንግተን ዲሲም በ2018 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ላሉ ቀላል ጉዳዮች ማገድን በእጅጉ ገድባለች። እዚህም ላይ የተደረገው ያው ነው፤ የመምህራንን ልብ ለመቀየር አልተጠበቀም፤ ደንቡ ተቀየረ።

አንድ የኛ ጉዳይ ልጨምር። ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ሲቆጣ አንገት መድፋትን፣ ዓይን ለዓይን አለማየትን፣ ዝም ማለትን እናስተምራለን። ይህንን የማያውቅ አሜሪካዊ መምህር ዝምታውን እንደ ንቀት፣ አቀርቅሮ መቆሙን እንደ እምቢታ ሊያየው ይችላል። ልጅዎ ጨዋነቱን እንዲተው አልመክርም። በዚያ ሰዓት «እየሰማሁ ነው፤ ማስረዳት እችላለሁ?» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ግን ቤት ውስጥ ያለማምዱት። ለመምህሩም በስብሰባው ላይ ይንገሩት፤ ቅን መምህር ይህንን ሲሰማ ያመሰግናል።

እገዳው ከተደጋገመ ወይም ትምህርቱ እያሽቆለቆለ ከሆነ ትምህርት ቤቱ «ስፔሻል ኤጁኬሽን»፣ ማለትም ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች የሚሰጠውን ትምህርት፣ ሊያነሣ ይችላል። እዚህ ላይ በሁለት በኩል ስህተት እናያለን። አንዳንዱ ቤተሰብ «ልጄ እብድ አይደለም» ብሎ በኀፍረት ይዘጋዋል፤ ሌላው ያልገባውን ወረቀት ይፈርማል። በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት የመጀመሪያው ምርመራ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይደረግም፤ እርስዎም ራስዎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ ስቴቱ የራሱን ገደብ ካላወጣ ምርመራው ፈቃድ በሰጡ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። የማንበብ ወይም ትኩረት የማድረግ እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ አይኢፒ (በችግሩ ልክ ለእሱ ብቻ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) ማግኘቱ ከፍተኛ ጥቅም ነው፤ ከቅጣትም ይጠብቀዋል፤ ከአሥር ቀን በላይ ከመታገዱ በፊት ጥፋቱ ከችግሩ የመነጨ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበትና። ችግር የሌለበትን ልጅ ግን ለጠባይ ብቻ ወደዚያ መግፋት ጥቁር ወንድ ልጆች ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረ በደል ነው። ሳይገባዎ አይፈርሙ፤ ቤት ወስደው ያንብቡት።

ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛ ይገባል፤ ይህ ከእገዳው ይበልጥ ያሳስብዎት። ቺካጎ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ ተመራማሪዎች በ2005 አንድ ነገር አረጋገጡ። ዘጠነኛ ክፍልን ቢያንስ አምስት የሙሉ ዓመት ኮርሶች አልፎ፣ በዋና ትምህርቶች ደግሞ ከአንድ ሴሚስተር «ኤፍ» ያልበለጠ ይዞ የጨረሰ ተማሪ፣ ይህን ካላሟላው ጋር ሲነጻጸር በአራት ዓመት ውስጥ የመመረቁ ዕድል ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ይህ የልጁ የቀድሞ የፈተና ውጤት ከሚያመለክተው የበለጠ የወደፊቱን ያሳያል። የከተማው ትምህርት ቤቶች ይህን ይዘው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ቀሪ ቀናትና ነጥብ በየሳምንቱ የሚከታተሉ የመምህራን ቡድኖች አቋቋሙ፤ ይህን መስፈርት የሚያሟሉት ተማሪዎች ከ2007 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከ57 ወደ 82 በመቶ ወጡ። ስለዚህ መስከረም ላይ የሰኔ ካርድ አይጠብቁ። ነጥቡን በየሳምንቱ በወላጆች ፖርታል ይዩ፤ ከትምህርት የቀረባቸውንም ቀናት ይቁጠሩ፤ በ180 ቀን የትምህርት ዓመት ውስጥ 18 ቀን የቀረ ልጅ «ተደጋጋሚ ቀሪ» ይባላል፤ የእገዳ ቀናትም እዚያ ላይ ሊደመሩ ይችላሉ። በሒሳብ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ በትምህርት ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ቱቶሪንግ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። በዚያው በቺካጎ ለሁለት ተማሪ አንድ አስጠኚ ሆኖ በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ የተሰጠበት ፕሮግራም ተማሪዎቹ በዓመት የሚማሩትን ሒሳብ ሁለትና ሦስት እጥፍ እንዳደረገ ተለክቷል። በሳምንት አንዴ ከትምህርት በኋላ የሚደረግ «የቤት ሥራ እርዳታ» ይህን አይተካም።

አሁን የባለቤትዎን ሐሳብ ላንሣ። ሰበርብ መውጣት የቤተሰብ ውሳኔ ነው፤ አልገባበትም። ነገር ግን ያ ድንበር ለምን እንዳለ ቢያውቁ ጥሩ ነው። ከትምህርት ቤቶች በጀት ትልቅ ድርሻ ያለው የሚመጣው ከአካባቢ የቤት ግብር ነው። የሳን አንቶኒዮ ድሃ ወላጆች «ከዚህ የሚመጣው የበጀት ልዩነት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብለው ከሰሱ፤ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደባቸው። በዓመቱ የዲትሮይት ጥቁር ልጆች በዙሪያው ካሉት 53 የሰበርብ ድስትሪክቶች ጋር ተቀላቅለው እንዲማሩ የታዘዘውን ያው ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ሻረው። በ1954 ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው የተባለውን ክርክር በጠበቃነት የመሩት ተርጉድ ማርሻል በዚህ ጊዜ ዳኛ ሆነው በሁለቱም ላይ የተቃውሞ ሐሳባቸውን ጻፉ። የከተማና የሰበርብ ትምህርት ቤት ልዩነት እንዲህ በፍርድ የጸና ነው። ሰበርብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ላብራቶሪና ብዙ ኮርስ ይኖረዋል። የላቀው ክፍልና የቅጣት መዝገቡ ግን እዚያም አሉ፤ የእገዳው ልዩነት በሀብታሞቹ ትምህርት ቤቶችም እንዳለ ከላይ ጽፌልዎታለሁ። እዚያም ቢሄዱ ደብዳቤው ይቀጥላል።

«እኛ ኢትዮጵያውያን ነን» የሚለውን ግን በአክብሮት እቃወማለሁ። ልጅዎ በኮሪደሩ ሲያልፍ የሚያየው ሰው የመጣንበትን አገር አይጠይቅም፤ በመዝገቡም ላይ «ጥቁር» ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ከዚህም በላይ እላይ የዘረዘርኩልዎ መብቶች አብዛኞቹ የመጡት በጥቁር አሜሪካውያን ትግልና ያንን ፈለግ በተከተሉ ሰዎች ነው። ወደዚህ አገር መግቢያ በሩን የከፈተልን የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ እንኳ የዚያው የሲቪል መብት ዘመን ልጅ ነው። ባለቤትዎ ከልጅዎ ክፍል ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ጋር አንድ ቡና ቢጠጡ ከእኔ ምላሽ የበለጠ ይማራሉ፤ የትኛው መምህር እንደሚሰማ፣ የትኛው ይግባኝ እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃሉና። ማንነታችንም በዚህ አይጠፋም። በመጋቢት 2024 የፌደራል መንግሥት የሕዝብ መረጃ አሰባሰብ ደንቡን ሲያሻሽል፣ «ጥቁር» ከሚለው ሥር ከአፍሪካን አሜሪካን፣ ከጃማይካ፣ ከሄይቲ፣ ከናይጄሪያና ከሶማሌ ጋር «ኢትዮጵያዊ» የሚል ምርጫ እንዲኖር አድርጓል። ትምህርት ቤቶች ቅጾቻቸውን እስኪቀይሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲመጣ ግን ባዶ አይተዉት፤ ያልተቆጠረ ልጅ በጀትም አስተርጓሚም አይመደብለትም።

አስተርጓሚ ካልኩ፣ በስብሰባ ላይ ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም አይፍቀዱ፤ ስለ ራሱ ቅጣት የሚያስተረጉም ልጅ ምን ይዘላል ምን ይጨምራል አይታወቅም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ በነጻ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲና በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም ማስታወቂያዎቻቸውን በአማርኛ ያወጣሉ። ልጅዎ የእንግሊዝኛ ድጋፍ የምታገኝ ከሆነም ያ ከላቀ ሒሳብ ሊያስቀራት አይገባም።

ስለ መምህራን በአጭሩ። ከ1954 ፍርድ በኋላ በደቡብ ስቴቶች የጥቁር ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ሥራቸውን አጥተዋል፤ ዛሬም ከአገሪቱ መምህራን ጥቁሮቹ 6 በመቶ ገደማ ናቸው። በቴነሲ የተገኘ መረጃ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል አንድ ጥቁር መምህር እንኳ ያገኘ ጥቁር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ የማጠናቀቅ ዕድሉ በ13 በመቶ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉ በ19 በመቶ እንደሚጨምር ያሳያል። ኦክላንድ በ2010 ጥቁር ወንድ ተማሪዎችን ከጥቁር ወንድ መምህራን ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ጀምራ፣ ትምህርት የሚያቋርጡት ቁጥር በ43 በመቶ መቀነሱን የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ሲያትልም በ2019 ለዚሁ ዓላማ ራሱን የቻለ ቢሮ ከፍታለች። ልጅዎ የሚገባበት ሁለተኛ ደረጃ እንዲህ ያለ ነገር ካለው ያስመዝግቡት። ከዘመድ ልጆች መካከል መምህር ልሁን የሚል ካለም «ደመወዙ ትንሽ ነው» ብለን አንመልሰው፤ እባካችሁ።

ደብዳቤዎ መልስ ካጣ ቅሬታ የሚቀርብባቸው ቦታዎች አሉ። ለፌደራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ በደሉ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን በመጋቢት 2025 ከ12 የአካባቢ ጽሕፈት ቤቶቹ 7ቱ ስለተዘጉ ፈጣን ምላሽ አይጠብቁ። ቀኑ እንዳያልፍብዎ ያመልክቱና ጎን ለጎን በአካባቢዎ ይሂዱ። ዲሲ የሕዝብ ትምህርት እንባ ጠባቂ አላት፤ ዋሽንግተን ስቴትም በገዥው ቢሮ ሥር ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት አለው፤ ሁለቱም በነጻ ይሠራሉ። ሌላ ቦታ ከሆኑ በመጀመሪያ ለድስትሪክቱ፣ ቀጥሎ ለስቴቱ ትምህርት ቢሮ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት የክፍል ድልድል በአብዛኞቹ ከተሞች ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ ስለዚህ የሴት ልጅዎ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይሂድ፤ የወንዱም ፋይል አብሮ ይጠየቅ። የከተማዎንና የስቴቱን ስም ከላኩልኝ የአካባቢዎን ደንብ አይቼ የሁለቱንም ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።